ጋዝ ያለበት ለስላሳ

ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሱ ሶዶ እስኪገባ ድረስ እጄን ከሆዴ ላይ አላነሳሁም። ጨጓራዬን ቆርጠው አሳንሰውት ነበር። ያሳከመችኝ ዓረብ አገር የምትሠራው ታላቅ እህቴ ናት። ክብደቴ ገና በልጅነቴ ጉልበቴን ይዞት ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩትም ከመቀመጫዬ ስነሳ ዴስኩ አብሮኝ እየተነሳ ክፍሉ ሁሉ ስለሚስቅ ነው።

ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሙ እንደ ቆመ ነገረኝ።

«ለጊዜው የምትወስጂው ለስላሳ ነገር ብቻ ነው። ጋዝ ያለበት ነገር እንዳትጠጪ። ገባሽ?»

«ገብቶኛል» አልኩ። ፊት ለፊት ለሚያየኝ ሰው ሁሉ ገብቶኛል ነው የምለው።

ቤት ስደርስ የተባልኩትን ለእናቴ በወላይትኛ ነገርኳት። ሁለቱን ቃላት ግን እንዳሉ ተውኳቸው። በእኛ ቤት በወላይትኛም ቢወራ ለስላሳ ያው ለስላሳ ነው፤ በጠርሙስ የሚሸጠው። ጋዝ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ውስጥ የምንጨምረው።

«ምን ዓይነት ሐኪም ነው?» አለች እናቴ። «ጋዝ የሚጠጣ ሰው አይቶ ያውቃል?»

«አዲስ አበባ ብዙ ዓይነት ሰው አለ» አልኳት።

በማግስቱ አንድ ሳጥን ለስላሳ አስገባች።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ገና ሳላጋምስ አረፋው ውስጤ ገብቶ መውጫ አጣ። ደረቴ ሥር የሆነ ነገር እንደ ፊኛ ተነፋ። ልቀመጥ ስል ያፍነኛል፤ ጋደም ስል ይብስብኛል። ከቤት ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ቤት ተመላለስኩ። እንሰቱ ሥር ቆሜ ላገሳ ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ውስጥ የተሰፋው እየተተረተረ መሰለኝ።

እናቴ ከኋላዬ ጠርሙሱን ይዛ ትከተለኛለች። «መድኃኒት መጀመሪያ ያማል። የታዘዘልሽን ጨርሺ!»

ነርሷ ችግር ካለ እንድደውል ቁጥሯን ሰጥታኝ ነበር። ስልኩን አነሳሁት፤ መልሼ አስቀመጥኩት። አማርኛዬ ሲደነግጥ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጋል። ደግሞስ ምን ይባላል? ያዘዛችሁልኝ ነገር ገደለኝ ይባላል? እንደገና ሲወጋኝ ግን ደወልኩ።

«ምን ወስደሽ ነው?» አለችኝ።

«የታዘዘልኝን። ለስላሳ።»

«የቱን ለስላሳ?»

«ብርቱካኑን።»

«በጠርሙስ ያለውን?»

«አዎ።»

«ውይ የኔ እናት! ጋዝ ያልንሽ እኮ እሱን ነው፤ አረፋውን! ለስላሳ ማለት የላመ ነገር ነው፤ አጥሚት፣ የተፈጨ ድንች። አሁኑኑ እዚያው ሄደሽ ታዪ።»

በባጃጅ ኦቶና ሆስፒታል ሄደን ታየሁ። ስፌቱ አልተከፈተም። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ ተባልኩ። እናቴ በመንገድ ላይ ለራሷ ታጉረመርማለች፦ «የተፈጨ ጎደሬ ትብላ አይሉም? ለስላሳ ለስላሳ ይላሉ!»

ሕመሙ ለቀቀኝ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ሳስነጥስ እንኳ ሆዴን እይዛለሁ።

እሁድ ከቸርች መልስ ጠያቂዎች ቤቱን ሞሉት። ከጉኑኖ የመጣችው አክስቴ ከፌስታሏ ጠርሙስ አወጣች፤ ቆርኪውንም በጥርሷ ከፈተችው።

«ያዢ፣ ከእጄ ጠጪ። ሰውነትሽ አልቆ ቀሚስሽ ብቻ ቀርቷል!»

የጠያቂን እጅ መመለስ ነውር ነው። ተቀበልኩ። አረፋው እየተንጫጫ ወደ ጠርሙሱ አፍ ይወጣል። ሁሉም እኔን ያያል። እናቴ ጓዳ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ ፉት ብል ማን ያውቃል? ጠርሙሱን ግን ከአፌ አራቅሁት።

«አልጠጣም» አልኩ። ከአፌ የወጣው ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም።

«እኔ ያመጣሁትን?»

«ጋዝ አለበት።»

አክስቴ ጠርሙሱን ነጥቃኝ አሸተተች። አጠገቧ ላለችው ሴት ሰጠቻት፤ እሷም አሸተተች።

«ምንም አይሸትም» አለች ሴትዮዋ።

«ባለሱቁ በኩራዝ ጠርሙስ ሽጦልሽ ይሆናል» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ዘንድሮ የማይሸጥ የለም።»

እናቴ ጓዳ ሆና ሳቋን ለቀቀችው። ልትወጣልኝ እንዳልሆነ ገባኝ። ያ ሁሉ ሰው ፊት እኔው ማስረዳት ነበረብኝ። ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተክዬ፣ እየተንተባተብኩ፣ ጋዝ የተባለው አረፋው እንደ ሆነ፣ የእኔ ሆድ ደግሞ እንደማይችለው ተናገርኩ።

አክስቴ አመነችም አላመነችም አትታወቅም። ጠርሙሱን አንስታ ራሷ ግጥም አድርጋ ጠጣችው። ከዚያ ሳታስበው አገሳች።

«ይሄ ነው?»

«እሱ ነው። እኔ ጋ ግን አይወጣም።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ልስቅ ስል በሩ ተንኳኳ። ሌላ ጠያቂ ነው፤ በፌስታሉ ውስጥ ጠርሙሶች ሲጋጩ ይሰማል። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

ሆዴን በእጄ ያዝኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።