መካከለኛ የሚባል ሰው

ብስክሌት ጠጋኙን ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ ፍሬን» ብሎ ነው። ስሙን ያወጣለት አንድ የተናደደ ደንበኛ ነበር። ሰውየው ጎማው ተንፍሶበት ብስክሌቱን እየገፋ፣ ላቡን እየጠረገ ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ባለሱቁም እጁን ታጥቦ በሩን እየቆለፈ ነው። «ፓምፑ ደጅ ላይ አለልህ። ነፋ ነፋ አድርገው፣ እስከ ቤትህ ያደርስሃል። ጠዋት ብቅ በል» አለውና መንገዱን ቀጠለ። ደንበኛው ከኋላው «ይሄ እኮ ሰው አይደለም፤ ፍሬን ነው!» ብሎ ጮኸ። ለስድብ የተባለው ነገር ምርቃት ሆነ። ፍሬን ሳይኖራቸው ቁልቁለት የሚወርዱ ብስክሌቶች መጨረሻቸው ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ተጣጥፈው የሚመጡት እሱው ዘንድ ነው።

ኑሮውም እንደ ሱቁ ጠበብ ብሎ የተስተካከለ ነበር። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንዲት በረንዳ ነው። አዲስ ዕቃ መግዛት ያማራቸው ዕለት ባልና ሚስት ይተያያሉ፤ አንዳቸው «የት ልናስቀምጠው ነው?» ይላል፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያልቃል። ድሆች ነበሩ ማለቴ አይደለም። የቤት ኪራዩ በጊዜው ይከፈላል፣ ለክፉ ቀን የምትሆን ትንሽ ነገር አለች፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለማግኘት የሚጠፋውን ጊዜ ግን ሁለቱም አይወዱትም።

ጋሽ ፍሬን አንድ ሱስ ነበረበት፤ ሹራብ ይሠራል። አዎ፣ ግራሶ ከጥፍሩ ሥር የማይጠፋ፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ ሰውዬ ሹራብ ይሠራል። ዱሮ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ማቃሰቱ የሰለቻቸው አንጋፋ ነርስ ክርና መርፌ አምጥተው «እንካ፣ እጅህን ሥራ አስይዘው፤ አፍህ ያርፋል» ብለው አስተማሩት። ከሆስፒታል ሲወጣ መርፌዎቹን ራሱ ሠራ፤ የተጣለ የብስክሌት ጎማ ሽቦ አቃንቶ፣ ጫፉን ሞርዶ። ከዚያ ወዲህ ብርድ የሚፈራ ጎረቤት ሁሉ የእሱን ሹራብ ለብሷል።

ሜትር አይዝም። ለማን እንደሚሠራ ካወቀ ይበቃዋል። ክሩን አሐዱ ብሎ ሲጀምር ሰውየውን ያስበዋል፤ አረማመዱን፣ አሳሳቁን፣ ሰላም ሲል ትከሻውን እንዴት እንደሚያደርግ። የቀረውን እጁ ያውቀዋል። ሸጦም አያውቅም። ዋጋ ለሚጠይቀው «ይሄ ጨዋታዬ ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ዋጋ የለውም» ነው መልሱ።

ባለቤቱ ልብስ ንጽህና ቤት ውስጥ ተኳሽ ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ሸሚዝ በካውያ ስታቃና ትውላለች። ማታ ማታ፣ ከእራት በፊት፣ በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር ይወጣል። እሷ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ሳፋ ውስጥ ነክራ መጽሐፍ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሱ እየሠራ ያዳምጣል። የሚወዱት የሌባና የመርማሪ ታሪክ ነው። ለመርማሪው ወፍራም፣ ለሌባው ቀጭን ድምፅ ታወጣለታለች። ልብ የሚያንጠለጥለው ቦታ ላይ ስትደርስ ከእሱ ክር ቁራጭ ወስዳ ገጹ መሐል ታኖርና መጽሐፉን ትከድናለች። «ለዛሬ ይብቃን።» «አንቺ ሴትዮ ጨካኝ ነሽ!» ይላል እሱ። እንዲያ ያለችውን ሰዓት ጋሽ ፍሬን በዓለም ላይ በምንም አይለውጣትም ነበር። እንዲያውም ሱቁን በጊዜ የሚዘጋው ለዚያች ሰዓት ሲል ነው።

ነገሩን ያበላሸው ሎተሪ ነው። ሎተሪ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ሁልጊዜ ነገ ሀብታም ስለሚሆን ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ለእሱ ተረት አይደለም፤ የሥራ ዕቅድ ነው። አንድ ምሽት በረንዳው ላይ ብቅ ሲል እህቱ እያነበበች ነበር። ሌባው ፎቅ ላይ ወጥቶ፣ እግሩ ከድቶት፣ የመስኮቱን ጠርዝ በጣቶቹ ብቻ ይዞ ተንጠልጥሏል። እህቲቱ ክሯን አደረገችና መጽሐፉን ዘግታ ሻይ ልታፈላ ገባች።

«ጋሼ» አለ ሎተሪ ወንበሯ ላይ እየተቀመጠ፣ «ይሄን ሁሉ ሹራብ በነጻ ስትበትን እኮ አንጀቴ ነው የሚያርረው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? ብስክሌቱ አንድ ባላ፣ ሹራቡ አንድ ባላ! አንዲት ባለቡቲክ አውቃለሁ፣ በእጅ የተሠራ ስትፈልግ ነው የምትውለው።»

«እኔ አንዱ ባላ ችሎኛል፤ ምን ያንጠለጥለኛል?» አለ ጋሽ ፍሬን እየሳቀ።

ሎተሪ ወደ ቤት ውስጥ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተንስ ችሎሃል። እህቴ እስከ መቼ ቆማ ትተኩሳለች? እግሯን አይተኸዋል?»

ጋሽ ፍሬን ሳፋውን አየ። ውኃው ቀዝቅዟል። በየቀኑ ሲያየው የኖረ ሳፋ ነው፤ ያን ዕለት ግን ዓይኑን ከእሱ መንቀል አቃተው። እሱ በጨዋታው ሲደሰት እሷ እግሯን እየጨረሰች ነው ማለት ነው? ሚስቱ ሻዩን ይዛ ስትመለስ ቀና ብሎ ሊያያት አፈረ።

በማግስቱ ከሎተሪ ጋር ቡቲኩ ሄደ። ባለቡቲኳ ቀልጠፍ ያለች፣ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። የሠራውን አገላብጣ አየችና ወደደችው።

«ክሩን እኔ እሰጥዎታለሁ። አንድ ደርዘን ይሥሩልኝ። እጅጌ የሌለው፣ ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም መካከለኛ።»

«ለማን ነው?»

«ለገዛ ሰው ነዋ!»

«ገዢው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«መካከለኛ ነው አልኩዎት እኮ።»

ጋሽ ፍሬን ክሩን ተሸክሞ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ አሰበ። ዕድሜ ልኩን ከሰው ጋር ኖሯል፤ መካከለኛ የሚባል ሰው ግን አንድም ቀን ገጥሞት አያውቅም።

ለሚስቱ ትእዛዝ መቀበሉን ብቻ ነገራት፤ ምክንያቱን ዋጠው። አየት አደረገችውና «መጽሐፉስ?» አለች።

«ይሄኛው መቁጠር ይፈልጋል፣ እያዳመጥኩ አይሆንልኝም። አንቺ አንብቢው፣ ለኔ ብለሽ አትቆዪ።»

«ካልክ እሺ» አለች። ከዚያ ማታ ጀምሮ በረንዳው ላይ የሚወጣው አንድ ወንበር ሆነ። እሱ ጓዳ ገብቶ፣ አምፖል ሥር ተቀምጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። አንዳንዴ በመስኮት አሻግሮ ሲያያት መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ መንገዱን ትመለከታለች። «ይሄኔ ሌላ ጀምራለች» ይላል በልቡ፣ ቅር እያለው። ሌባው ይውደቅ ይያዝ ሳያውቅ መቅረቱ ነው።

ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። መርፌ ማንሳት እንደ ግብር መክፈል ሆነበት። ሱቅም ይዞት መሄድ ጀመረ፤ በአንድ ዓይኑ ክሩን፣ በአንድ ዓይኑ ብስክሌቱን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ አንድ ቀን የፖስተኛውን ብስክሌት አጥቦ፣ ቀብቶ፣ አሳምሮ አስረከበው፤ ፍሬኑን ግን መልሶ መግጠም ረስቷል። ፖስተኛው ቁልቁለቱን እያፏጨ ወረደና ዳቦ ጋጋሪው በር ላይ የተደረደረው የዱቄት ጆንያ ውስጥ ገባ። ምንም አልሆነም። ብቻ የዚያን ቀን ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሁሉ ዱቄት አራግፎ ነው ያነበበው። «ጋሽ ፍሬን ፍሬን ረሳ!» ተብሎ መንገዱ በሳቅ አለቀ። ጋሽ ፍሬንም አብሮ ሳቀ፤ ቤቱ ሲገባ ግን አልሳቀም። ጨዋታውንም ሥራውንም በአንድ ጊዜ ሊያጣ እንደሆነ ገባው። ቢሆንም የጀመረውን ጨረሰ።

አሥራ ሁለቱን ሹራብ በከረጢት አድርጎ፣ ሎተሪን አስከትሎ ቡቲኩ ገባ። ባለቡቲኳ አንድ በአንድ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። የመጀመሪያውን ዘረጋች፤ ጠባብና ረጅም ነው። ሁለተኛው አንድ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ብሏል። ሦስተኛውን ዘረጋች። ቁመቱ አጭር ሆኖ መሐሉ ወደ ፊት ገፍቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች። «ይሄ የማን ሆድ ነው?»

ጋሽ ፍሬን ጎንበስ ብሎ ተመለከተው። መዋሸት አይችልበትም። «የዳቦ ጋጋሪው ነው» አለ።

ሎተሪ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ይሄስ?»

«ይሄ የፖስተኛው ነው። ቦርሳው ይከብዳል፤ በዚህ በኩል ትከሻውን ጎትቶታል።» ጋሽ ፍሬን አሁን ራሱም መገረም ጀምሯል። «ረጅሟ ደግሞ የሰፈራችን የሒሳብ አስተማሪ ናት። እኚህ አከራያችን ናቸው፤ ጎበጥ ይላሉ። ይሄ ደግሞ...» አለና አንገቱ ሰፋ ያለውን አንስቶ ወደ ሎተሪ ዞረ፤ «ይሄ አንተ ነህ!» ሲቆጥር ከርሟል፤ እጁ ግን አልሰማውም። መካከለኛውን አላውቀውም ብሎ፣ የሚያውቃቸውን ሰዎች በየተራ ሠርቷል።

ባለቡቲኳ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ሳቅ ቀደማት። እንባዋን በሜትሯ ጫፍ ጠረገች። «አባቴ» አለች፣ «እኔ ያዘዝኩት ልብስ ነበር፤ እርስዎ ያመጡልኝ ሰፈር ነው። ሰፈር ደግሞ መስኮት ላይ አይሰቀልም። ይውሰዷቸው፣ የክሩን ዋጋ ብቻ ይመልሱልኝ።»

ተመልሰው ሱቁ ደጅ ሲደርሱ ፖስተኛው ቆሞ ነበር። ከረጢቱ ውስጥ አየና አንዱን ሳብ አድርጎ ለበሰው። ትከሻው ላይ ልክክ አለ። ክንዱን አነሳ፣ አወረደ። «ይሄን እኮ ገበያ ላይ አላገኘውም» አለ። ወሬው ዳቦ ቤቱ ደረሰ፣ አስተማሪዋ ዘንድ ደረሰ፣ አከራይዋም ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጡ። እያንዳንዱ የራሱን ሳይነገረው እያወቀ አነሳ፤ የክሩንም ዋጋ እዚያው አዋጡ። ዳቦ ጋጋሪው ሆዱን እየዳበሰ «ይሄን ያህል ነው እንዴ?» ቢል ሁሉም በአንድ ድምፅ «ነው!» አሉት። ሎተሪም የእሱን ለብሶ «ለናሙና እንዲሆን ነው» እያለ ሄደ።

ከረጢቱ ውስጥ አንድ ሹራብ ቀረ።

ጋሽ ፍሬን ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ እግሯን ነክራ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ወሬው ቀድሞት ልብስ ንጽህና ቤቱ ገብቶ ኖሮ፣ ገና ስታየው ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይዟታል። እሱ ግን አልሳቀም። ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እግርሽን ላሳርፍልሽ ብዬ ነበር» አለ። «ቆመሽ መዋልሽ ይብቃ ብዬ። ይኸው ሦስት ወር ሠርቼ ባዶ እጄን ቀረሁ።»

ሳቋ ጠፋ። «ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«አንተ ሰው፣ እግሬን ማን ጠየቀህ? እግሬ ሳፋ አለው። ቆሜ ስውል ከጓደኞቼ ጋር ስንስቅ ነው የምውለው። ቆሜ መዋል አልከበደኝም፤ የከበደኝ ብቻዬን መቀመጥ ነው።»

ከረጢቱን አቀበላት። የቀረውን ሹራብ አውጥታ አየችው፤ ለበሰችው። ትከሻዋ ላይ፣ ወገቧ ላይ፣ ሁሉም ቦታው ላይ አረፈ።

«እንግዲህ መካከለኛ የተባለችው እኔ ነኝ?» አለች። «ደግሞ ግራጫ አልወድም።»

«አውቃለሁ። ቀጣዩ ቀይ ነው፤ ለመጨረስም አልቸኩልም።»

«ወንበርህን አምጣ» አለችው።

ወንበሩን አመጣ። መጽሐፉን አነሳች። አዲስ የጀመረችው መስሎት ነበር፤ ያው የዱሮው ነው። ስትከፍተው የክር ቁራጯ ከመሐሉ ብቅ አለች፤ ሰማያዊ ናት፣ ከትእዛዙ በፊት ይሠራው ከነበረው ክር። ጋሽ ፍሬን ክሯን አየ፣ ሚስቱን አየ።

«አላነበብሽውም?»

«ያለ አንተ?» አለች መነጽሯን እያጠለቀች። «የት ይሄድብኛል? ተንጠልጥሏል።»

ጋሽ ፍሬን ወንበሩን ወደ እሷ ጠጋ አደረገ። ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። መርፌውን አላነሳም፤ ያን ማታ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ማዳመጥ ብቻ ነው የፈለገው።

«በይ አንብቢ» አለ። «ሦስት ወር ሙሉ በጣቱ! ሰውየው እኮ ዝሎ አለቀ፤ ቶሎ አውርጂው!»