የኮቱ ገበር

ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነው የሚሉም አሉ። እሷ ሁለቱንም አትክድም። «መርፌ ሰውን ታለብሳለች፣ ራሷ ራቁቷን ትውላለች፤ ስሙስ ልክ ነው» እያለች ትስቅ ነበር።

እህቷ ሦስት ልጆች ጥላባት ከሞተች ወዲህ ሳቁ ቀረ። የስፌት መኪናዋ ገና እህቷ በሕይወት ሳለች ለመታከሚያዋ ተሸጧል። አሁን በእጇ በክርና በመርፌ እየጠቀመች ትውላለች። በእጅ የሚሰፋ ደግሞ ለአንድ አፍ እንጂ ለአራት አይበቃም።

ባለፈው እሁድ ታላቅ ወንድሟ መጣ።

«ትልቋን ልውሰዳት። ሚስቴ በቤት ሥራ የምታግዛት ልጅ ትፈልጋለች። እዚያ ቢያንስ በልታ ታድራለች።»

«ትምህርቷስ፣ ወንድም ጋሼ?»

«በባዶ ሆድ ምን ትምህርት አለ?»

የያዘችውን ስፌት አኖረች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «የእርዳታው ቢሮ የዘመድ ልጅ ለሚያሳድግ በየወሩ ዱቄትና ዘይት ይሰጣል አሉ። ቤቴን የምታይ አጣሪ ሊልኩ ነው። እምቢ ካሉኝ እሁድ ና ውሰዳት።»

አጣሪዋ የምትመጣበት ቀን ሲደርስ መርፌ የምታውቀውን አደረገች። እንግዳ ባዶ ቤት አይገባም። ከጎረቤቷ ከዳቦ ጋጋሪዋ ወንበሮች፣ ጠረጴዛና ፔርሙዝ ተዋሰች። ጠረጴዛውን የስፌት መኪናው ከነበረበት ጥግ አኖረችው፤ ባዶው ቦታ ዓይን ይወጋ ነበርና። ልጆቹን አጠበች። የትልቋን ቀሚስ ተኮሰች። ለትንሹ ከአሮጌ ሱሪ የሰፋችለትን ኮት አለበሰችው።

አጣሪዋ ጠና ያለች ሴት ናት። ተቀመጠች፣ ሻይ ጠጣች፣ ዓይኗን በቤቱ አዞረች።

«አባታቸውስ?»

«እንደወጣ ቀረ።»

«ጥሩ አድርገሽ ይዘሻቸዋል። ስንት ቤት ዞሬ እንዲህ የጸዳ ልጅ አላየሁም።»

መርፌ ደስ አላት። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው ሥራዋን አይቶ አመሰገናት።

«ወንበሩ እኮ የጋጋሪዋ ነው» አለ ትንሹ።

ከጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠችው። «ልጅ ነው፣ ያገኘውን ይለፈልፋል» አለች፤ ሴትዮዋም ሳቀች።

ነገሩ ለመርፌ የገባት አጣሪዋ ስትነሳ ነው። «አይዞሽ እህቴ፣ እናንተ ደህና ናችሁ። ዘንድሮ የሚሰጠው ከናንተ ለባሰባቸው ነው» ብላ ወጣች።

መርፌ ትንሹን በክንዱ ጎትታ መንገድ ላይ ደረሰችባት።

«እመቤቴ፣ ይቆዩኝ! ወንበሩ የኔ አይደለም። ጠረጴዛውም ፔርሙዙም ተውሶ ነው። ልጁ እውነቱን ነው የተናገረው፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት!»

አጣሪዋ ዞራ አየቻት። ሰው ሁሉ ሲከለከል እንዲህ ይላል የሚል ፊት ነበር።

መርፌ ኮቱን ከልጁ ላይ ገፍፋ ገለበጠችው። ገበሩ የዱቄት ከረጢት፣ የመጋረጃ ቁራጭ፣ የሟች እህቷ የሌሊት ልብስ እጅጌ ነው። ትንሹ በካናቴራ ብቻ ቆሞ ተንቀጠቀጠ።

«ይኸው። ውጪውን አይተው አይፍረዱብኝ። ቤቴም እንደዚህ ነው።»

ሴትዮዋ ኮቱን ተቀብላ ገበሩን በጣቷ ዳበሰች። ስፌቱን ተከትላ እስከ ብብቱ ሄደች።

«ይህን በእጅሽ ነው የሰፋሽው?»

«በእጄ።»

«እጅሽ ወርቅ ነው» አለች፤ ከልቧ ነበር። «እንዲህ ያለ ሙያ ያላት ሴት አትወድቅም። ለሌላው እንተውለት።»

ኮቱን መለሰችላትና ሄደች።

ቤት ስትመለስ ጋጋሪዋ ወንበሮቿን እያወጣች ነበር። ፊቷን አይታ መንገድ ለቀቀችላት። ትልቋ ልጅ ግን ደጃፉ ላይ ጠበቀቻት።

«አክስቴ፣ ምን አለችሽ?»

«እጅሽ ወርቅ ነው አለችኝ።»

«ወርቅ ይበላል እንዴ?»

ሁለቱም ሊስቁ ቃጡ፤ አልሆነላቸውም። ልጅቷ የእሁዱን ነገር ሰምታ ነበር። ሳይነገራት ሄዳ ቀሚሷን አወለቀች፤ እንዳይቆሽሽ አጣጥፋ አስቀመጠችው።

መርፌ አነሳችው። ጠረጴዛው ከተነሳበት ባዶ ጥግ መሬት ላይ ተቀምጣ የቀሚሱን ጠርዝ ተረተረች። ወደ ውስጥ የታጠፈውን ጨርቅ በሙሉ ለቀቀችና አስረዝማ መጥቀም ጀመረች። ልጅቷ ገና ታድጋለች፤ በአጎቷ ቤት ደግሞ ሲያጥርባት ጠርዙን ልብ የሚልላት ሰው የለም።