ለሽያጭ የተኳለ ቤት

መርዕድ በዕድሜው ብዙ ነገር ንቋል፤ እንደ ፕላስቲክ ሎሚ የናቀው ግን የለም።

ሎሚዎቹን ያመጣቻቸው ርብቃ ናት፤ ቤቱን የምትሸጥለት ሪልተር። በነጭ ጎድጓዳ ሳህን ከምራ ወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻቸውና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየቻቸው።

«ጋሽ መርዕድ፣ እንዴት ነው? ፍሬሽ አይልም?»

«ሲጨመቅስ?» አላት።

«አይጨመቅም እኮ! ለፎቶ ነው።»

መርዕድ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የኤርፖርት ፓርኪንግ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። የሰው ሻንጣ ሲያወጣና ሲያወርድ ከመኖሩ የተነሳ፣ ሙሉውን ከባዶው ገና እጀታውን ሲይዝ ያውቀዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሣሩን ራሱ ያጭዳል። ጫማውን ማታ ጠርጎ በሩ አጠገብ አስቀምጦ ይተኛል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በእሱ ቤት አያድርም። ይህን አሜሪካ፣ ስቶን ማውንቴን ከተማ ያለውን ቤት ከሚስቱ ከየሺእመቤት ጋር ሲገዛው ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ደርዝ አስይዘው ኖሩበት፤ ልጃቸውን ቢታንያን አሳደጉበት። የሺእመቤት ባለፈው መስከረም እዚሁ ቤት፣ በገዛ አልጋዋ ላይ፣ ታማ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ረዘመበት። ቢታንያ ዱሉዝ ከተማ ባለው ቤቷ አንድ ክፍል አሰናዳችለትና «አባዬ፣ ና» አለችው። እሱም «ይሸጥ» አለ።

ቤት ለመሸጥ መጀመሪያ ሰው እንዳልኖረበት ማስመሰል እንደሚያስፈልግ ግን የነገረው አልነበረም።

የየሺእመቤት ሶፋ ጋራዥ ገባ፤ በምትኩ ማንም እንዳይቀመጥበት የተነገረለት ነጭ ሶፋ መጣ። አልጋው ላይ ትራስ ከመብዛቱ የተነሳ ለተኚ ቦታ አልቀረውም። ርብቃ መጽሐፍም በካርቶን አስመጣች፤ መደርደሪያው ላይ ደረደረችና ጀርባቸውን ወደ ግድግዳ አዞረችው።

«ርዕሳቸው አይታይም» አላት መርዕድ።

«ከለራቸው እንዳይረብሽ ነዋ።»

«የተኳረፉ ባልና ሚስት መሰሉ።»

«ኦ ጋሼ፣ ሲቀልዱ!»

እየቀለደ አልነበረም። ይባስ ብላ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው የየሺእመቤት ፎቶግራፍ ሄደች። አወረደችውና በፎጣ ጠቀለለችው።

«ፐርሰናል ነገር አይታይም። ባየሩ፣ ገዢው ማለቴ ነው፣ ማየት ያለበት ራሱን ነው» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ... እዚህ ቤት ማረፋቸውን አናነሳም። ካልጠየቁ አይነገርም።»

«ከጠየቁስ?»

«ከጠየቁ እውነቱ ይነገራል። ግን አይጠይቁም። እንዳይጠይቁ አይደል ይሄ ሁሉ ልፋት?»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፣ አለ መርዕድ በሆዱ። ፎቶው ቁም ሳጥን ውስጥ ሲገባ ግን ተዋት፤ ለልጁ እሺ ብሏል። በመስከረም ይህ ሳሎን እንዲህ ባዶ ሆኖ ነበር፤ ሶፋው ወጥቶ የእድር ወንበር ተደርድሮበት፣ የገባው ሁሉ ስሟን እየጠራ ያለቅስ ነበር። ዛሬ ደግሞ ስሟን የሚጠራ እንዳይኖር ነው ባዶ የሆነው።

እሑድ ኦፕን ሃውስ ሆነ፤ ቤቱ ሊያየው ለመጣ ገዢ ሁሉ ክፍት የሚሆንበት ቀን። ባለቤት መገኘት የለበትም ተባለና መርዕድ ከመንገዱ ማዶ መኪናውን ዛፍ ሥር አቁሞ ተቀመጠ። ገዢዎቹን እያየ ናቃቸው። አንዱ የበረንዳውን እንጨት እንደ ሐብሐብ በጣቱ ያንኳኳል። አንዷ ገና ደጁን ሳትረግጥ አፍንጫዋን አንስታ ታሸታለች። አንዱ የሜትር ጥቅልል ይዞ ያገኘውን ሁሉ ይለካል፤ የደብዳቤ ሳጥኑን ሳይቀር።

በዚህ መሐል አንድ ታክሲ ቆመና እትዬ ማራኪ ወረዱ። የአጎራባቹ ከተማ የክላርክስተን ሰው ናቸው፤ የየሺእመቤት የማኅበር ጓደኛ። እሷ ስትሞት አገር ቤት ነበሩ፤ የተመለሱት በዚህ ሳምንት ነው። መንገዱን ይዞ የተደረደረውን መኪና፣ ወለል ብሎ የተከፈተውን በር፣ ዝም ብሎ የሚገባ የሚወጣውን ሰው አዩ። ለእትዬ ማራኪ እንዲህ ያለ ቤት የለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ በጨርቅ የታሰረ የምስር ወጥ ድስታቸውን አቀፉና ገቡ።

መርዕድ የመኪናውን ቀበቶ ሳይፈታ ጩኸቱ መጣ።

«የሺዬ! ሳልቀብርሽ! የኔ እናት፣ ሳላይሽ!»

እዚያው መቀመጥ ይችል ነበር። ርብቃ አሮጊቷን ዝም ታሰኛለች፣ ቤቱ ይሸጣል፣ ቢታንያም ትደሰታለች። የመኪናውን በር ከፍቶ ወረደ።

ሲገባ ርብቃ የእትዬ ማራኪን ክንድ ይዛለች። «እማማ፣ ይስሙኝ፣ አሁን ሾዊንግ ላይ ነን፣ ቤቱን ለገዢ እያሳየን ነው፣ በኋላ...» ትላለች። ወደ ፈረንጆቹ ዞራ ደግሞ፣ ጥርሷን እያሳየች፣ በእንግሊዝኛ «ዘመዳችን ናቸው፤ ቤቱ አምሮ ቢያዩት ደስታው አሸንፏቸው ነው» አለቻቸው።

መርዕድ ይህን ሰማ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ የነጩን ሶፋ ትራሶች አንድ በአንድ መሬት ላይ ጣለና ሶፋው ላይ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት በኩል ተቀመጠ። እትዬ ማራኪ አንገቱ ላይ ወደቁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ባለ ሜትሩ ሰውዬ ጠጋ አለ። «እዚህ ቤት የሞተ ሰው አለ እንዴ?»

«አዎ» አለው መርዕድ። «ባለቤቴ። ከደረጃው በስተቀኝ ያለው ክፍል ውስጥ። ስሟ የሺእመቤት ነው።»

ሰውዬው ሜትሩን ጠቀለለና ወጣ። ሌሎቹም ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ተከተሉት። አንዲት ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመጣች ጥቁር አሜሪካዊት ብቻ ቀረች። ማንም ሳይጋብዛት ባርኔጣዋን አውልቃ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿንም አጣጠፈች።

«ፎቶዋስ?» አሉ እትዬ ማራኪ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሰው ወደ ባዶ ግድግዳ ያለቅሳል?»

መርዕድ ፎቶውን ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ ሳሎኑን ከወጥ ቤቱ በሚያዋስነው መደርደሪያ ላይ ከሎሚዎቹ አጠገብ አቆመው። እትዬ ማራኪ ጉሮሯቸው በልቅሶ ደርቆ ነበርና አንዱን ሎሚ አንስተው ጫን ጫን አደረጉት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሎሚ ነው፤ የማይጨመቅ።»

«ለማን ነው?»

«ለገዢ።»

«ሎሚ አይቶ ቤት የሚገዛው የማን ቂል ነው?» ወደ ርብቃ ዞሩ። «አንቺስ ልጅ፣ ምን ገትሮሻል? ምስሩን አሙቂው እንጂ!»

ያን ምድጃ ማንም እንዳይነካው ያለችው ራሷ ርብቃ ናት። መርዕድን አየችው፤ አላዳናትም። ቤቱ እንዲሸት የለኮሰችውን የቫኒላ ሻማ እፍ ብላ አጠፋችና ምድጃውን ለኮሰች።

ባለ ባርኔጣዋ የቀረበላትን ጎረሰች። ስትወጣ ደጁ ላይ ያለውን ተክል አሽታ ማን እንደተከለው ጠየቀች።

«የሺእመቤት» አላት። እየተኮላተፈች ስሙን ደገመችው፣ ሁለቴ።

በሳምንቱ ዋጋ የሰጠች እሷ ብቻ ሆነች። ርብቃ ከምትጠብቀው ያነሰ ነበር።

«ጋሼ፣ እንጠብቅ። ጥሩ ገዢ ይመጣል።»

«መጥቷል» አለ መርዕድና ፈረመ። ከዚያ ጎድጓዳውን ሳህን አንስቶ በእጇ አስታቀፋት። «ሎሚሽን እንዳትረሺ።»