የሐጂ ሰይድ ቤት እና የጣልኩት ደብዳቤ

ከኮምቦልቻ የወጣሁ ዕለት ቤታችን በሸኚ ተጨናንቆ ነበር። እናቴ ታለቅሳለች፣ አክስቶቼ ዱዓ ያደርጋሉ፣ አባቴ ግን በየመሀሉ እየተነሳ ጓዳ ይገባል። ተደብቆ ሊያለቅስ መስሎኝ ብከተለው ለካ ሳጥኑ መቆለፉን ሊያይ ነው! የቤቱ ካርታ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሰው ሲበዛ ደግሞ አባቴ ወንድሙንም አያምንም። «ካርታው ካለ ቤቱ አለ» አለኝ፤ የስንብት ምክሩ ይኸው ሆነ። እኔም ይህንኑ ይዤ ውቅያኖስ ተሻግሬ አሜሪካ ገባሁ።

መጀመሪያ አሌክሳንድሪያ፣ የአክስቴ ልጅ ሶፋ ላይ ስድስት ወር ተኛሁ። የገባሁት ሐምሌ ነበር። የኛ አገር በዝናብ ሲረሰርስ እዚህ አየሩ ራሱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል። ቲማቲሙ መልክ ብቻ ነው። ጎረቤት በር ከማንኳኳቱ በፊት ቴክስት ያደርጋል። በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ሽማግሌዎችን ቤታቸው የመንከባከብ የሆም ኬር ሥራ አገኘሁና የሐጂ ሰይድን ቤዝመንት፣ ከቤታቸው ሥር ያለውን ክፍል፣ ተከራየሁ።

ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው የቤቱን የባንክ ዕዳ፣ ሞርጌጁን፣ ጨርሰዋል። ባለቤታቸው ሞተዋል፣ ልጃቸው ካሊፎርኒያ ነው፣ ዓይናቸውን ግላኮማ ይዞባቸዋል። ስለዚህ ቤዝመንቱን በርካሽ ሲሰጡኝ ፖስታ እንዳነብላቸው ተስማማን። ማስታወቂያውን እጥላለሁ፣ ቢሉን አነባለሁ። እንግሊዝኛ አወቅሁ ብዬም ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ከካውንቲው፣ ከአካባቢው አስተዳደር፣ ደብዳቤ መጣ። በንብረትዎ ላይ ሰነድ ተመዝግቧል፣ የማያውቁት ከሆነ ይደውሉ ይላል።

«የምን ሰነድ?» አሉ ሐጂ።

«እንጃ፣ ቤቱን እርስዎ ለሌላ ሰው ያዞሩት ይመስላል።»

ሳቁ። «ካርታው እኔ ጋ ነው ልጄ፣ ብረት ሳጥን ውስጥ። ያለ ካርታ ማን አባቱ ይሸጠዋል? ስካም ነው፣ የአጭበርባሪ ደብዳቤ።»

«ስካም ነው» አልኩ እኔም፤ አባቴም ቢሆን እንዲሁ ይል ነበር። ቀድጄ ጣልኩት። ጥፋቴ ይኸው ነው፣ ሳልሸፋፍን ጻፍኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ሰውዬ ግቢ ገብቶ አጥሩን በሜትር ሲለካ አገኘሁት።

«ቤቱን ልንገዛው ነው» አለኝ። «አንቺ ማነሽ?»

«ተከራይ።»

«ከማን ተከራየሽ? ባለቤቱ ቤቱ ባዶ ነው ብሎናል እኮ።»

ባዶ! ሐጂ ከመስኮቱ ወዲያ ሰላት ላይ ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት ሮክቪል፣ የካውንቲው የመዝገብ ቢሮ ሄድን። ሐጂ ሰነዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ በመሐረብ አስረው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቤቱ ለአንድ ኩባንያ ተላልፏል ጌታዬ። ፊርማዎ አለበት፣ ፊርማ የሚያረጋግጠው የኖተሪም ማኅተም አለ።»

እኔ አስተረጎምኩ። ሐጂ «ፊርማዬ?» አሉ። «እኔ ለመፈረም መስመሩ የት እንዳለ የሚያሳየኝ ሰው እፈልጋለሁ! ይኸው ካርታው» ብለው መሐረቡን ፈቱ።

አገላብጣ አየችው። «ይህ የእርስዎ ኮፒ ነው። የሚሠራው መዝገቡ ላይ ያለው ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስጠብቅ ኖርኩ?»

ይህን መተርጎም አቃተኝ። ሴትዮዋ ግን ቀጠለች፤ «ማሳወቂያ ልከን ነበር። አልደረሰዎትም?»

«ደርሶናል» አልኩ። «ቀድጄ የጣልኩት እኔ ነኝ።» ለሐጂም በአማርኛ ደገምኩላቸው። አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ስካም ነው ያልኩሽ እኔ አይደለሁ?» አሉና መሐረቡን መልሰው አሰሩ።

ፖሊስ ጋ አመለከትን፣ ጠበቃ ያዝን፤ ሽያጩ ለጊዜው ታግዷል፣ ፍርዱ ግን ገና ነው። ቤቱ ይመለስ አይመለስ ማንም አልነገረንም። ጠበቃዋ ቤቱ ባዶ እንዳይሆን አለችን። ግቢው ፊት መኪና በቆመ ቁጥር ሁለታችንም መስኮት ላይ ነን። እዚህ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የእናት የአባታችሁን ሰነድ ቆልፋችሁ እንዳትዘናጉ። በስማቸው ሰነድ ሲገባ የሚያሳውቅ አላርት እንዳለ ካውንቲውን ጠይቁና አስመዝግቧቸው። አጠራጣሪ ደብዳቤ ቢመጣም ከመጣላችሁ በፊት ራሳችሁ ፈልጋችሁ ባገኛችሁት ስልክ አጣሩ።

የሐጂ ታላቅ እህት እትዬ ዘምዘም ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ታመው ተኝተዋል። ሐጂ ሊያዩዋቸው ቲኬት ቆርጠው ነበር፤ በቤቱ ምክንያት ቀሩ። ባለፈው ዓርብ እትዬ ደወሉ። ስልኩን ስፒከር ላይ ያደረግኩላቸው እኔ ነኝ።

«ሰይዴ፣ መቼ ነው የምትመጣው?»

«የዓይን ሕክምና ይዞኝ ነው እትዬ።»

«ዋሸኸኝ። ዓይን ሰው አያስቀርም፣ ሰው ነው ያስቀረህ። ያስቀረህን አላህ ይይለት!»

ሐጂ ለማንም ዱዓ አሚን ሳይሉ አያልፉም። አሁን ግን ደብዳቤውን ቀድጄ ወደ ጣልኩት ወደ እኔ ፊታቸውን አዞሩ፤ አሚንም አላሉም።

«አሚን በል እንጂ!» አሉ እትዬ ዘምዘም።

ሐጂ ስለ ዝናቡ ጠየቋቸው።