አብራ የምታርም ሴት

ሰኞ ጠዋት ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ወደ አምበር የወጣሁት አክስቴን እመት ጥሩወርቅን ከተማችን ያለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ለማምጣት ነበር። ልጃቸው እናኑ በወሊድ ከሞተች ወዲህ እህልም እንቅልፍም ርቋቸዋል። ከአምበር ወደ መንደራቸው የተሳፈርኩበትን ባጃጅ የነሐሴው ጭቃ ብዙ ሳይርቅ ያዘው፤ የቀረውን መንገድ ጫማዬን በእጄ ይዤ ጨረስኩት።

አክስቴ ድንች ቅቅል በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ፤ እሳቸው አልቀመሱም። እኔም መንገዱን ሙሉ ያጠናሁትን ንግግር አወረድኩት።

«ይህ የአእምሮ ሕመም ነው። ካልታከሙ ይብስብዎታል።»

«አበድሽ ነው የምትይኝ?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ከፋኝ።

ማክሰኞ፦ የጎረቤት ጤፍ በወንፈል ይታረም ነበር። ወንፈል የጉልበት ብድር ነው፤ ዛሬ እኔ ያንቺን ካረምኩ ነገ አንቺ የእኔን ታርሚያለሽ። አክስቴ ብድራቸውን ለመመለስ ቢወጡም ጉልበት ከዳቸውና ማሳው ዳር ተቀመጡ። በእሳቸው ፈንታ እኔ ጎንበስ አልኩ፤ ለካ አረሙን ትቼ ጤፉን ነበር የምነቅለው።

«አንች ልጅ፣ የሰው እህል ፈጀሽው እኮ» አሉኝ። ፈገግ ብለው ነበር። ከእናኑ ሞት ወዲህ ፈገግታቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ እንባዬ መጣ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አክስቴ፣ ማሳዎን አረም ቢውጠው ሰው ምን ይላል?»

«ምን ይላል? የሚያግዛት እጅ አጥሯት ነው ብሎ ሊያርም ይመጣል።»

«አሁንም እጅ አጥሮዎት ነው። ደብረ ማርቆስ ያለችው ባለሙያ ሴት አብራዎት ታርማለች።»

«እኔስ በምን እመልስላታለሁ?» አሉ።

ረቡዕ ግን አብረውኝ ደብረ ማርቆስ መጡ። ከባለሙያዋ ክፍል ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። «ስለ እናኑ ነገርኋት። ሳታቋርጥ ሰማችኝ» አሉ።

በሩ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ቆማለች። እናቷ «ታመሻል፣ ግቢ» እያሉ ይጎትቷታል። አክስቴ ጠጋ ብለው እጇን ያዙ።

«አልታመምሽም አልልሽም ልጄ። እጅ አጥሮሽ ነው። እኔም አሁን ከዚያ ነው የወጣሁ። ግቢ፣ እጠብቅሻለሁ።»

ልጅቷ ገባች። አክስቴ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አክስቴ፣ እንሂድ እንጂ» አልኳቸው።

«ብድሬን እየመለስኩ ነው» አሉኝ።

ቤቴ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። ሰኞ ዕለት እምቢ ያሉት እርዳታውን ሳይሆን እኔ ሐዘናቸውን የጠራሁበትን ስም ኖሯል። ሽሮውን አቀረብኩ። ጥቂት ጎረሱና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ጨምሪልኝ» አሉ።