ምሳሌ የሚሆን ልጅ

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ አምቦ ላይ፣ ከታላቅ ወንድሜ ከገመቹ ጋር አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን ኦቦ ድንሳ ዘንድ ተረት ልንሰማ እንሄድ ነበር። ጎጆ በምትባል ደጋ ከተማ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ የዚያ አገር ብርድ አጥንታቸው ውስጥ ስለቀረ የባሕር ዛፉ ፍም ላይ ሊወጡበት ምንም አይቀራቸው፤ የኩራዙ ጭስ ፊታቸውን ሲጋርደው ያኔ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል።

ጅብ የአህያን ልጅ ሊጠይቅ ሽማግሌ ሆኖ ይላካል። ገና «ልጃችሁን ለልጃችን» ሳይል ዓይኑ የሙሽሪት ታፋ ላይ ይቀራል። እኛ ስንንከተከት እሳቸው ጣታቸውን አንስተው «ቲፒካል ጅብ!» ይላሉ።

«ቲፒካል ምንድነው?»

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ለዓይነቱ ምሳሌ የሚሆን ነዋ! አንዱን ካየህ ሌሎቹንም አየሃቸው።»

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ ቲፒካል ሆነ። ገመቹማ እናታችን ስትቆጣ «ቲፒካል እናት!» ብሎ በማማሰያ ተባሯል።

ገመቹ ገና ልጅ ነበር፤ ቁመቱ ግን ቀድሞት ሄደ። ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሲመጣ ኳስ ሜዳ ላይ ይዘው ቀበሌ ግቢ አስገቡት። እናቴ ኦቦ ድንሳን ይዛ ሮጠች፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ። ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆሟል።

«ልጅ ነው» አሉት ኦቦ ድንሳ። «እንደ ማንኛውም ተማሪ ነው፣ የተለየ ነገር የለውም። ቲፒካል ነው።»

«በአማርኛ ያውሩን እንጂ ጋሼ!»

ደንግጠው ለእኛ የነገሩን ትርጉም አፋቸው ላይ መጣ። «ምሳሌ የሚሆን… ማለት ነው።»

ሊቀመንበሩ ወደ ጥበቃዎቹ ዞሮ ሳቀ። «ሰማችሁ? ምሳሌ የሚሆን ልጅ ነው አሉ! በሉ ከፊት ይሰለፍ፣ ሌሎቹ ይከተሉታል።»

«ኧረ እንደሱ አይደለም…» ቢሉ ማን ሰምቷቸው!

የጫናቸው መኪና በጊንጪ በኩል ወጣ። ገመቹ በዚያው ቀረ። ኦቦ ድንሳም ተረት ተዉ፤ ብሄድም ፍሙን መቆስቆስ እንጂ ቀና ብለው አያዩኝም።

ምን ቢሉ እንደማይለቁት አሁን ይገባኛል፤ ያን ቀን እዚያ ግቢ የገባ ሁሉ ተጭኗል። እናቴ ግን አይዋጥላትም።

«አንተ፣ ትንሽ ተምረህ የለ? ምን ቢሉት ኖሮ ይለቁት ነበር?» ትለኛለች እስከ ዛሬ።

ትምህርቴን ከሰባተኛ አቋርጬ መናኸሪያ ተሳፋሪ የምጠራ ሰው፣ ምን አውቄ ልንገራት? «የተማረ ሰው ጠይቄ እነግርሻለሁ» እላታለሁ።

እሷም ትጠብቃለች።