በሻባት መግቢያ የወደቀው ሰው

ይህን ነገር ለባሌ አልነገርኩም፤ ለልጆቼም አልነገርኩም። በየዓመቱ የስርየት ቀናችን ዮም ኪፑር ሲመጣ ኃጢአቴን ለፈጣሪ እዘረዝራለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን፣ እሱም እንዳይሰማኝ ይመስል፣ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። የበደልኳቸው ሴት ራሳቸው ያወቁት ገና ባለፈው ዮም ኪፑር ዋዜማ ነው። አሁን እናንተም ስሙኝና ፍረዱኝ።

እኔ ዝናሽ፣ ለአንድ የቴሌቪዥን ተፋላሚ ጸሎት አስደረግሁ። ይህ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ሰው አስጾምኩበት።

ወደ እስራኤል በመጣን ጊዜ ፔታ ቲክቫ ውስጥ ቤት አገኘን፤ ባሌ ሥራ ያዘ፤ እኔም ኪርያት ማታሎን በሚባል ሰፈር ቢሮ አጸዳ ነበር። ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም። ዓርብ ዓርብ በጊዜ ገብቼ ለሻባት፣ ለሰንበታችን፣ ምግብ እሠራለሁ። ልጄ ሲጋል ያን ጊዜ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ ከትምህርት ቤት መጥታ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጣለች። የምታየው የአሜሪካ ትግል ነው። ሕዝብ ይጮኻል፤ እንደ በሬ የወፈሩ ሰዎች በገመድ የታጠረ መድረክ ላይ ይወራወራሉ።

መጀመሪያ "ዝጊው" እላት ነበር። ራቁቱን የሚሄድ ሰው ለልጅ ምን ያስተምራል? ቀጥሎ ሽንኩርቱን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ቀጥሎ ሽንኩርቱን ሶፋው ላይ ተቀምጬ መላጥ ጀመርኩ።

ዳኒ የሚባል ነበር። አረንጓዴ ቦት ያደርጋል። ወደ መድረኩ ከመውጣቱ በፊት ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች እናቱን ይስማል። እናቱን የሚስም ልጅ እንዴት ብዬ ልጥላ? ጠላቱ አንድ መላጣ ነው፤ ዳኛው ፊቱን ባዞረ ቁጥር ከኋላ ይመታዋል። እኔ ባደግሁበት አገር ወጣቶች ሲታገሉ አይቻለሁ። ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፤ ተነሥቶ አቧራውን ያራግፋል፤ አለቀ። ይኼ ዳኛ ግን ምን ዓይነት ዳኛ ነው? "ከኋላህ! ከኋላህ ነው!" እያልኩ እጮህ ነበር፣ በአማርኛ።

"ኢማ፣ እሱ እኮ አይሰማሽም" ትለኛለች ሲጋል።

በጸሎት ቤታችን ሴቶች ፊት ደግሞ ቴሌቪዥን ልጆችን ያበላሻል እያልኩ የምመክረው እኔው ነበርኩ። እኛ ቤት ለዜና ብቻ ነው የሚከፈተው እል ነበር። ይህንንም ከበደሌ ጋር ቁጠሩት።

አንድ ዓርብ መላጣው የብረት ወንበር አነሣ። ዳኒን ከመድረኩ ወደ ታች ወረወረው፤ ወንበሩንም ጀርባው ላይ አሳረፈበት። ዳኒ አልተነሣም። እናቱ ጮኸች። ቃሬዛ መጣ። ሲያነሡት እጁ ወደ ታች ተንጠለጠለ። በዚህ መሐል ሰዓቱን አየሁ፤ ሻማ የማበራበት ደቂቃ ደርሷል። ምን ላድርግ? ሻባት ለአንድ ተፋላሚ ተብሎ አይቆይም። በሻባት ቴሌቪዥን አይከፈትምና አጠፋሁት። ሲጋል አለቀሰች። እኔ ሻማውን አብርቼ፣ ዓይኔን በእጆቼ ሸፍኜ ቆምኩ። በጨለማው ውስጥ የታየኝ ያ የተንጠለጠለ እጅ ነበር። ሞቶ ይሆን? ሻባት እስኪወጣ የሚነግረኝ ሰው የለም። እህል አልወርድ አለኝ።

በማግሥቱ በጸሎት ቤት ለሕሙማን የሚጸለይበት ሰዓት ደረሰ። የታማሚው ስም ከእናቱ ስም ጋር ነው የሚጠራው። የጸሎቱን ሥርዓት የሚያስተናብረው ጋባይ ወደ ሴቶች መጋረጃ ጠጋ ብሎ "ታማሚ ያላችሁ?" አለ። አፌ ቀደመኝ።

"ዳንኤል" አልኩ።

"የማን ልጅ?"

የእናቱን ፊት እንጂ ስሟን መች አውቄ! "የሣራ" አልኩ፤ ሣራ የሁላችንም እናት ናት ብዬ። ጋባዩ ጮክ ብሎ ጠራው፤ ጉባኤው በሙሉ አሜን አለ። እኔም ከልቤ አሜን አልኩ።

አጠገቤ እትዬ ብርቄ ነበሩ። ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጸሎታቸው ይሰማል የሚባሉ ሴት ናቸው። ክንዴን ያዙኝ።

"ማነው ልጁ?"

"ዘመዴ ነው፣ እትዬ።"

ይኸው፣ ይህን ነው ያልኩት። ዘመዴ ነው አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም። ያን ዕለት ከዚያ በኋላ ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ያ ግን ያድነኛል?

"ምን አገኘው?"

"ከላይ ወደቀ።"

"ሥራ ላይ?"

"አዎ፣ ሥራ ላይ።"

"ኧረ ይኼ የፎቅ ሥራ ልጆቻችንን ፈጃቸው! የሚያነሣው ሰው አልነበረም?"

"ሰውስ ሞልቶ ነበር፣ እትዬ። ይጮኻሉ እንጂ አይረዱም።"

"እናቱስ?"

"እዚያው ቁጭ ብላ እያየች።"

እትዬ ብርቄ ደረታቸውን መቱ። "እስኪድን ድረስ ሰኞና ሐሙስ እጾምለታለሁ" አሉ።

እሑድ፣ እዚህ የትምህርት ቀን ነውና፣ ሲጋል ከትምህርት ቤት እየሮጠች ገባች። "ኢማ፣ ዳኒ ደኅና ነው! እኛ እንዳጠፋነው ከቃሬዛው ዘሎ ተነሣ! መላጣውን በራሱ ወንበር ደበደበው!" እልል ልል ስል ጨመረችበት። "ሞራዋ ግን ሁሉም ሀጻጋ ነው አለችን።" መምህርቷ ቴአትር ነው ብላቸዋለች።

"ወንበሩስ?"

"ሀጻጋ።"

"ቃሬዛውስ?"

"ሀጻጋ።"

"እናቱስ?"

"እሷም ሀጻጋ ናት፣ ኢማ።"

ከሁሉ ያመመኝ እናቲቱ ናት።

ሰኞ እትዬ ብርቄ ጾሙ። ሐሙስም ጾሙ። ሄጄ "ቴሌቪዥን ላይ ያየሁት ሰው ነው" ልበላቸው? ለዜና ብቻ ነው ያልኩትስ? አልቻልኩም። "ተሽሎታል" ብዬ ልገላገል ሄድኩ።

"ተመስገን!" አሉ እጃቸውን ዘርግተው። "እንግዲያ ለሻባት ይምጣ። ከሞት የተረፈ ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ ያመሰግናል። ዳቦውን እኔ እጋግራለሁ፤ ለጋባዩም ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። ያን ሁሉ አሜን ያልነው ሰዎች ፊቱን አንይ?"

ፊቱን ከየት ላምጣ?

"እትዬ፣ እንደገና ወድቋል" አልኩ።

"አሁን ተሻለው አላልሽም?"

"ተሽሎት ነበር። ከዚያ ወደቀ።"

"ከዚያው ላይ?"

"ከዚያው።"

"ኧረ ምን ዓይነት አሠሪ ነው መልሶ የሚያወጣው!"

የመጀመሪያው ከአፌ ያመለጠ ነው እንበል። ይኼኛው ግን? ይኼኛውን አስቤ አልኩት። የዳነ ሰው፣ ያውም ጭራሽ ያልታመመ ሰው፣ ለእፍረቴ ስል መልሼ ጣልኩት። እትዬ ብርቄም ክረምቱን ሙሉ ሰኞና ሐሙስ ጾሙ። ከሱ፤ ቀሚሳቸው ሰፋቸው። ጾሙ በሚፈታበት ሰዓት ሾርባ እወስድላቸው ነበር። እሳቸውም ፉት እያሉ ይጠጡና "እንዳንቺ ዓይነት ዘመድ የሰጠው እግዚአብሔር ይመስገን" ይሉኛል። ቆሜ እመረቃለሁ። አሜን እላለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

በመጨረሻ አሜሪካ ነው ያለው አልኳቸው።

"ለሕክምና ወሰዱት?"

"እዚያ ነው የሚኖረው" አልኩ፤ ይህም እውነት ነበር። ጾሙን ተዉ። ዳንኤልን ግን ሻማ ሲያበሩ መጥራት አልተዉም።

ዓመታት አለፉ። ሲጋል ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ተመስገን። እትዬ ብርቄ ልባቸው ደክሞ ጋኔይ ቲክቫ ከተማ ልጃቸው ቤት ገቡ። በየዮም ኪፑሩ ዋዜማ እየሄድኩ ጉልበታቸውን ስሜ "ይቅር ይበሉኝ" እላለሁ፤ ምኑን እንደሆነ ግን አልናገርም። እሳቸውም ምኑን ሳይጠይቁ ይቅር ይሉኛል። ባለፈው ዓመት ግን ስሜያቸው ቀና ስል "ያ ዳንኤል የሣራ ልጅ እንዴት ሆነ? ወልዶ ይሆን?" አሉኝ። ያን ጊዜ አቃተኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ወታደር የሆነችው የልጅ ልጃቸው ኖዓ ከነዩኒፎርሟ ሶፋው ላይ ነበረች። ሳቋ አንከባለላት፤ ወደ አያቷ ዞረች። "ሳቭታ! ለቴሌቪዥን ሰው ጾምሽ?"

"ዝም በይ አንቺ! የት አለ? አሳዪኝ።"

ኖዓ ስልኳን ነካካችና አገኘችው። ያው ቦት፣ ያው መላጣ። ወንበሩ ሲነሣ እትዬ ብርቄ ከትራሳቸው ቀና አሉ። "ከኋላህ! ኧረ ከኋላህ ነው! ዳኛው የት ሄዶ ነው?" ከዚያ እኔ በሻባት ምክንያት ያላየሁትን አየን። ዳኒ ከቃሬዛው ዘሎ ተነሣ። እትዬ ብርቄ ወደ ትራሳቸው ተመለሱ።

"ሰኞን እንኳ አልጠበቀኝም" አሉ።

ኖዓ እንደገና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። እትዬ ብርቄ ወደ እኔ ዞሩ።

"መጀመሪያ የጣለው ይኼ መላጣ ነው። ሁለተኛ የጣልሽው ግን አንቺ ነሽ።"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እሱስ ወንበር ይዞ ነው።"

"አዎ፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።"

"አሁን አልልሽም" አሉ። "ክረምት ሙሉ ጾሜያለሁ። እሱን ጹሚና መልሺልኝ። ታማሚ እኔ አለሁልሽ፤ የእናቴንም ስም ታውቂዋለሽ። ስትጨርሺ ይቅር እልሻለሁ። እስከዚያ የትም አልሄድም።"

"በሰደር፣ እሺ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ፍርዱ ትክክል ነው።

አሁን እየጾምኩ ነው። ሰኞና ሐሙስ ነበር የተባልኩት፤ እኔ ግን አንድ ሳምንት ወገቤን፣ አንድ ሳምንት የልጅ ልጆቼን እያልኩ አጓትተዋለሁ። ሐኪሙ ስለ ልባቸው የሚለውን ኖዓ ነግራኛለች፤ እሳቸውም እስክጨርስ የትም አልሄድም ብለዋል። ይህም ማታለል ከሆነ አላስተባብልም፤ ዐውቄ ነው የማደርገው።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። "ምነው ጾሙ አላልቅ አለሽ? ይቅርታው አያስፈልግሽም?"

"ያስፈልገኛል፣ እትዬ" አልኩ። "ግን አልቸኩልም።"



"እኔም አልቸኩልም" አሉ።